ሁለተኛ ምርጫዎ ያድርጉኝ

ታኮማ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ 17,629 ነዋሪ ነበራት። ምክር ቤቷ ከንቲባውንና ስድስት አባላትን ይዟል፤ አባላቱ ከስድስት ዋርዶች (የምርጫ ቀጠናዎች) አንድ አንድ ሆነው ይመረጣሉ። ለአንድ ዋርድ ወንበር የሚወዳደር ሰው እንግዲህ ዳኞቹ ከሦስት ሺህ ግድም ጎረቤቶቹ መካከል ያሉት መራጮች ናቸው። ይህን ያህል ሰው በእግር ይዳረሳል፤ ስለዚህ የምክር ቤት ውድድር እዚህ የእጅ ሥራ ነው፣ እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራም ጥሩውና መጥፎው ቀረብ ብሎ ላየው ይለያል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከስም ዝርዝሩ ነው። ጀማሪ እጩ የመራጮቹን ዝርዝር እንደ ደረሰው ይዞ ይወጣና ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይመሽበታል። ሥራው የገባው ዝርዝሩን በየመንገዱ ይለያል፤ በግራው ጎን ወጥቶ በቀኙ ይመለሳል። አንኳኩቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ በሩን የሚከፍተው ሰው እንዳይደነግጥ። ስሙን ይናገራል፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ሰፈሩ ውስጥ ምን ያስቸግርዎታል?» ከዚያ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ብዙ እጩ አይችለውም፤ በራሱ ንግግር ይሞላዋል። የቻለው ግን የጠፋውን የመንገድ መብራት፣ ያልተጠገነውን የእግረኛ መንገድ፣ የኪራዩን ጭማሪ ይሰማል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ደጁ ላይ ቆሞ ይጽፈዋል፤ ሰውየው ፊት እየጻፈ መዝጋቢ አይመስልም።

እጩው የእኛ አገር ሰው ቤት ሲደርስ ሌላ ፈተና አለ፤ ቡናው ቀርቧል፣ «ግቡ» ይባላል። እስከ በረካ ቢቀመጥ ምሽቱ አለቀ፤ እምቢ ብሎ ቢሄድ ደግሞ አስቀየመ። ጎበዙ «እማማ፣ ዛሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሁድ መጥቼ እጠጣለሁ» ብሎ ይሄዳል፣ እሁድም ይመጣል። ልጅ እያስተረጎመ ሲያወራም ዓይኑ ከእናትየው አይነሳም፤ መራጯ እሷ ናትና። ልጁ 16 ዓመት ሞልቶት ከሆነ ግን እሱም መራጭ ነው፤ ታኮማ ፓርክ በ2013 ለከተማ ምርጫ የ16 ዓመት ወጣቶች ድምፅ እንዲሰጡ ስትፈቅድ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ነበረች። ስለዚህ በሩን ወጣት ሲከፍትለት «አባትህ አለ?» ብሎ አያልፈውም። «ዜጋ ነዎት?» ብሎም አይጠይቅም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜግነት የሌለው ነዋሪም የከተማዋን ምክር ቤት መምረጥ ይችላልና ጥያቄው «የሚኖሩት እዚህ ነው?» ብቻ ነው። አንዲት ጥያቄ በመለወጧ ሰው በገዛ ደጁ እንደ እንግዳ ከመቆጠር ይድናል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የሁለተኛ ምርጫ ልመና ነው። እኛ አገር የለመድነው በአንድ እጩ ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ታኮማ ፓርክ ከ2007 ጀምሮ መራጩ እጩዎችን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ታደርጋለች፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ቀጥለው ወደ ጻፉት እጩ ይሄዳል።

አሁን እጩው የተቀናቃኙ ፖስተር የተተከለበት ግቢ ፊት ቆሟል እንበል። ተራው እጩ ያልፈዋል። ጎበዙ ያንኳኳል፦ «ፖስተሩን አይቻለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው የያዙት። ሁለተኛ ምርጫዎ ያድርጉኝ።» ሦስት አጭር ሐሳብ ነው፣ ግን አሠራሩን ልብ በሉ። መጀመሪያ የሰውየውን ውሳኔ እንዳየ ይነግረዋል፤ የማያውቅ መስሎ አያታልለውም። ቀጥሎ ተቀናቃኙን ያከብራል። መጨረሻ ላይ የሚለምነው የያዘውን እንዲተው አይደለም፣ ባዶ የቀረውን መስመር እንዲሞላ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው እሺ ለማለት ወዳጁን መክዳት የለበትም። ደግሞም ይህን ለመናገር የሚችለው ከዚያ በፊት ተቀናቃኙን ያልሰደበ ብቻ ነው። ትናንት ስም ያጠፋ ሰው ዛሬ በዚያ ደጅ የሚቆምበት ፊት የለውም። የአንደበት ጨዋነት እዚህ ከቆጠራው ስሌት ጋር ተገጣጥሟል፤ እንዲህ ያለ የተዋጣለት የምርጫ ሥራ ብዙ አላየሁም። አንድ እጩ ብቻ በቀረበበት ዋርድ ይህ ሁሉ ጥበብ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል፣ እንዲህ ያለው ዋርድም ጥቂት አይደለም። እሱ ያሳዝነኛል፤ ጥሩ እጩ የሚሠራው ጥሩ ተፎካካሪ ሲኖር ነውና።

ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ ወገኖች፣ ምርጫው በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር ነው። ዜግነት የሌላችሁ ምዝገባችሁን በከተማዋ ጸሐፊ ቢሮ፣ በከተማዋ በራሷ ቅጽ ብቻ አድርጉ፤ የሜሪላንድን ወይም መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚቀርበውን የመራጭ ቅጽ አትሙሉ፣ ኢሚግሬሽን ላይ ጣጣ ያመጣል። እጩ በራችሁን ሲያንኳኳም ክፈቱ፤ ለጥያቄው ያላችሁን መልስ ሁሉ ስጡት።