የእንጀራ ሥራና የነፍስ ሥራ በበዓሉ ግርማ ልቦለዶች

በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ከአድማስ ባሻገር» የበዓሉ ግርማ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ልቡ ሌላ ቦታ የሚያድር ሰው ዛሬም ለራሱ እንደተጻፈ ደብዳቤ ያነበዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የተማረ ነው፤ ቢሮ አለው፤ ደመወዝ አለው፤ ዘመድ «የእኛ ልጅ» ብሎ የሚኮራበት ዐይነት ሰው ነው። እሱ ግን መሆን የሚፈልገው ሠዓሊ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ ይለዋል፤ ብሩሹ ሌላ ይለዋል። በሁለቱ መካከል ሲናወጥ ቆይቶ ወንበሩን ጥሎ ይወጣል።

መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚነበበው፣ ቢሮ ጥበብን እንዴት እንደሚገድል የሚያስረዳ የክስ ማመልከቻ ሆኖ ነው። ከሳሹ አበራ ነው፤ ተከሳሾቹ ማኅተምና መዝገብ። እንዲህ ያለው ንባብ ያጽናናል፤ ማንም ሰው ያልሣለውን ሥዕል፣ ያልጻፈውን ግጥም በአለቃው ላይ ለማላከክ ያስችለዋልና። ይሁን እንጂ ልቦለዱ ራሱ ለዚህ ክስ የሚያቀርበው ማስረጃ ደካማ ነው። አበራ ቢሮውን ትቶ ሲወጣ ታሪኩ የሚያመራው ወደ ሥዕል ዐውደ ርእይ አይደለም፤ ወደ ፍቅር፣ ወደ ጥርጣሬና ቅናት፣ በመጨረሻም ወደ ደም ነው። መሥሪያ ቤቱ ወስዶበት የነበረውን ሰዓት መልሶ አግኝቷል፤ ሰዓቱን የሚሞላው ግን ሸራው ሳይሆን ቀድሞም በውስጡ የነበረው ሁከት ነው።

የአበራ ስሕተት፣ ስሕተት ከተባለ፣ ፈጠራን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ አገር ማሰቡ ነው። ድንበር ተሻግረው የሚገቡበት፣ ከገቡ በኋላ ግን ሁሉ ነገር በራሱ የሚሰምርበት አገር። ርእሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አድማስ በቀረቡት ቁጥር የሚሸሽ ነገር ነው። በዓሉ ርእሱን ሲመርጥ ይህን ምጸት አስቦት እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ለአበራ ካለው ርኅራኄ የተነሣ ያላሰበው ይመስላል፤ ታሪኩን ከቋጨበት መንገድ የተነሣ ደግሞ በሚገባ ያሰበው ይመስላል።

ጥያቄውን የሚያከብደው የደራሲው የራሱ ሕይወት ነው። በዓሉ አበራን ከቢሮ ሲያስወጣው እሱ ራሱ አልወጣም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ የጀመረው የጽሕፈት ሥራ በ«መነን»፣ በ«አዲስ ሪፖርተር»፣ በ«አዲስ ዘመን» እና በ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» አልፎ፣ በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት ድረስ አድርሶታል። ልቦለዶቹ ሁሉ የተጻፉት ደመወዝ በሚከፈለው ሰው ትርፍ ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ማለቱ እንኳ ሙሉ እውነት አይደለም። የበዓሉን አጻጻፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው የጋዜጣውን ቤት እጅ በየገጹ ያገኘዋል። ትዕይንቱ ሳይንዛዛ ይከፈታል፤ ንግግሩ አጭርና ፈጣን ነው፤ ከተማው በስምና በመንገድ ይታወቃል። ከእሱ በፊት የነበረው የአማርኛ ልቦለድ በአብዛኛው ሲተርክ ቀስ ይል ነበር፤ ገና ከመነሻው የዘር ሐረግና የአገር ሁኔታ ይዘረዝራል። ይህን ፍጥነት በዓሉ ያገኘው ከቢሮው ውጪ ሳይሆን፣ ማተሚያ ቤቱ በሰዓቱ ገጽ በሚጠብቅበት በዚያው ቢሮ ውስጥ ነው።

ይህን ግምት ውስጥ ላስገባ አንባቢ፣ በ1966 ዓ.ም. የወጣው «የኅሊና ደወል» ለ«ከአድማስ ባሻገር» እንደ መልስ ይቆጠራል። ሐዲስ ሣህሌ የተባለው ወጣት መምህር ከመሀል ከተማ ርቆ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ሱጴ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው ሸራም ብራናም አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ሕዝብ ነው። ሐዲስ ጥበበኛ ነኝ አይልም። ነገር ግን ከምንም ተነሥቶ የሌለ ነገር እንዲኖር የሚያደርግ፣ ሰው የሚያስተባብር፣ እንቢ ላለው መላ የሚፈልግ እሱ ነው። አበራ የሚመኘውን ሐዲስ ያደርገዋል፤ የሚያደርገውም ሥራውን ትቶ ሳይሆን ሥራውን አጥብቆ ነው። ልቦለዱ እንከን አያጣም። ሐዲስ አንዳንዴ ከሰውነት ይልቅ ወደ ምሳሌነት ያዘነብላል፤ የሚፈተነው በውጪ ባሉ ሰዎች እንጂ በራሱ ውስጥ ባለ ድካም አይደለም። በዓሉ ራሱ በመጽሐፉ ሳይረካ አይቀርም፤ በኋላ «ሐዲስ» በሚል ርእስ እንደገና ሠርቶ አሳትሞታልና። ሆኖም ከአንድ ደራሲ እጅ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶች መውጣታቸው ሐያስያን ከሰጡት ትኩረት የበለጠ ይገባው ነበር።

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በታንጋ አጠገብ በ1909 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሻባን ሮበርት፣ የዘመናዊው ስዋሂሊ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ባለቅኔ፣ ከ1920ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቅኝ አገዛዙ መንግሥት ጸሐፊ ነበር። በጉምሩክ ሠርቷል፤ በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ሠርቷል፤ በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሠርቷል። በ1951 የታተመው «ኩሳዲኪካ» በአየር ላይ ስለተንጠለጠለች አገር የሚናገር ተምሳሌታዊ ታሪክ ነው። ከራማ የተባለው ሰው የሕግ ትምህርት እንዲስፋፋ በመጠየቁ ተከስሶ ይቀርባል፤ ራሱን የሚከላከለውም ከእሱ በፊት ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ተልከው፣ የሚጠቅም ሐሳብ ይዘው ሲመለሱ የታሰሩ መልእክተኞችን ታሪክ እየዘረዘረ ነው። መጽሐፉን የሚያስደንቀው ቅርጹ ነው። ክስ፣ ምስክርነት፣ የመልእክተኛ ዘገባ፤ ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛው ላይ ሲያልፉ የሚያያቸው የወረቀት ዐይነቶች ናቸው። ሻባን ከመዝገብ ቤት አልሸሸም፤ የመዝገብ ቤቱን ቅርጽ ወስዶ የሹማምንትን ትዕቢት መዘነበት።

ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃም ይህንኑ ማለት ይቻላል። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ በናፍቆት የሚነሣውን ሙዚቃ ከሠሩት መካከል አያሌዎቹ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ደመወዝተኞች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ፣ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። የደንብ ልብስ ለብሶ የሚዘፍን ሰው ነፃ አይደለም፤ ነገር ግን የደንብ ልብሱ ድምፁን አልቀማውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ያስነውራል። ከቢሮ መልስ ማታ የሚጽፍ ወንድ ራቱ ቀርቦለት፣ ልጆቹ ተኝተውለት ነው የሚጽፈው። ራቱን ያቀረበችው ሴት ማታዋን ለማን ትሰጣለች የሚለው ጥያቄ በአበራ ወርቁ ጭንቀት ውስጥ ቦታ የለውም፤ በልቦለዱ ላይ በተጻፉት አስተያየቶችም እምብዛም አይነሣም። ከዛንዚባሯ ሲቲ ቢንቲ ሳድ ታሪክ አጠገብ ሲቀመጥ የአበራ እሮሮ ትንሽ ይቀልላል። ሲቲ ድኻ ነበረች፤ ሸክላ ተሸክማ መንደር ለመንደር ትሸጥ ነበር፤ ገዢ የምትጠራውም በዜማ ነው። ለገበያ ያሠለጠነችው ያ ድምፅ በ1928 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ድረስ ሄዶ በሸክላ ተቀረጸ። የእሷ የእንጀራ ሥራና የነፍስ ሥራ መለያያ ድንበር አልነበራቸውም፤ ድንበር የማበጀት አቅሙም አልነበራትም።

ታዲያ ቢሮ ምንም አይወስድም ማለት ነውን? ይወስዳል። የሚወስደውን ለማየት ግን መመልከት የሚገባው ሰዓቱን ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የበዓሉ ደካማ ሥራ ነው። ድካሙ አብዮቱን ርእሱ ማድረጉ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ በአልጋቸውም በመንገዳቸውም የሚናገሩት ደራሲው ቀን በቀን በመግለጫና በርእሰ አንቀጽ ሲያሳልፈው የሚውለውን ቋንቋ መሆኑ ነው። ፍቅር በመፈክር ይነገራል፤ ጥርጣሬ በመፈክር ይመለሳል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰዓት አልጎደለም፤ ሙሉ ልቦለድ ተጽፏልና። የጎደለው የራስ ቃል ነው። ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ የሥራ ዘገባ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን አደጋ ያውቀዋል፤ ማታ ለእናቱ የሚጽፈው ደብዳቤ «ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው» ብሎ ሲጀምር ራሱን ይይዛል።

በዚያው ዘመን የወጣው «ደራሲው» ይህንን አደጋ በዓሉ ራሱ ያወቀው መሆኑን ያሳያል። ሲራክ፣ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደተቀረጸ በሰፊው የሚነገርለት ገጸ ባሕርይ፣ ከድህነትም ከመጠጥም ከቤተሰብ ጣጣም ጋር እየታገለ የሚጽፍ ሰው ነው። እንደ አበራ አድማስ አይጠብቅም። ሕይወቱ እንደተዝረከረከ፣ ቤቱ እንደጎደለ ወረቀቱ ፊት ይቀመጣል። ስብሐት ራሱም ለረጅም ዘመን ደመወዝ የሚከፈለው ጋዜጠኛ እንደነበር፣ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለው ልቦለዱም ለሕዝብ ሳይታተም ለአሥርታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንደቆየ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ የሲራክ ግትርነት የልቦለድ ማጋነን አይሆንበትም። መጽሐፉ አልፎ አልፎ ለጠርሙሱ ከሚገባው በላይ ክብር ይሰጣል። በዚህ ረገድ በብዙ ወጣት ደራስያን ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በጎ አልነበረም፤ የሲራክን ብዕር ትተው ብርጭቆውን ያነሡ ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ነው። የቀይ ኮከብ ሁለገብ ዘመቻ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ሲታወጅ፣ በዓሉ በማስታወቂያ ሥራ ወደ አስመራ ከሄዱት አንዱ ነበር። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያምም ለዚያው ዘመቻ ወደ አስመራ የሚላክ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች፤ አስመራ ላይ ፊያሜታን ያገኛል፤ በፍቅሩና በዘመቻው መካከል ግን የማስታወቂያ ሰው ሊያየው የማይገባውን ያያል። እዚህ ላይ የእንጀራ ሥራና የነፍስ ሥራ በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንድ ዐይን ያየውን ሁለት እጅ ይጽፈዋል፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለልቦለዱ።

«ኦሮማይ» እንከን የለሽ አይደለም። ስብሰባና የዘመቻ ዝርዝር የሚበዛባቸው ገጾች ዛሬ ለማንበብ ይከብዳሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ እዚህም ገብቷል። ልዩነቱ የገባበት መንገድ ነው። በ«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ያ ቋንቋ የደራሲው ነበር፤ በ«ኦሮማይ» የገጸ ባሕርያቱ ሆኗል። ባለሥልጣኑ ሲናገር አንባቢው ሰውየውንም ቃሉንም ለየብቻ ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ልቦለዱ። ሌላ ደራሲ፣ ቢሮውን ቀድሞ ጥሎ የወጣ ደራሲ፣ ያን ክፍተት ሊሰማው ባልቻለም ነበር። ቃሉን ለማሳየት ቃሉን ከውስጥ ማወቅ ያሻ ነበርና።

የተከፈለው ዋጋ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ለሽያጭ እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ የተረፈው ቅጂ በስውር ከቤት ቤት ዞረ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። ከመጀመሪያው ልቦለዱ አንሥቶ ሲመላለስበት የነበረው ቢሮን ጥሎ የመውጣት ሐሳብ በትእዛዝ ተፈጸመበት። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

በ2025 እ.ኤ.አ. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። አዲሱ አንባቢ በዋናነት የሚያገኘው ጦርነቱን፣ ስለላውንና የደራሲውን መጥፋት ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ዕድል አለው። «ከአድማስ ባሻገር»ን አስቀድሞ፣ «የኅሊና ደወል»ን አስከትሎ፣ ደካማውንም ሳይዘልል እስከ «ኦሮማይ» ቢደርስ፣ አንድ ሠራተኛ ሰው ለዐሥራ ሦስት ዓመት ከአንድ ጥያቄ ጋር ሲታገል ያያል። የአበራ ሸራ በመጀመሪያው መጽሐፍ እንደተወጠረ ቀርቷል፤ በመጨረሻው መጽሐፍ ግን ጠረጴዛ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ በጀርባው ተጽፎበታል።