የተወረሰው ቆርቆሮና ያልተወረሰው ስግብግብነት



የገበያ ሥጋ ቢበላሽ አፍንጫ ይመሰክርበታል። በቆርቆሮ የታሸገው ግን ላዩ በሥዕል ያሸበረቀ፥ ውስጡን ለቄስ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚበላው በአሻጊው ሕሊና ተማምኖ ነው።

ይህ እምነት እንዴት እንደሚፈርስ ካሳዩን መጻሕፍት አንዱ፥ አሜሪካዊው አፕተን ሲንክሌር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ያሳተመው «ዘ ጀንግል»፥ ማለት «ጫካው» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች የተበላሸ ሥጋ ሽታው በመድኃኒት እየጠፋ ሲዘጋጅ፥ አንዱ ድብልቅ በልዩ ልዩ ስምና ዋጋ በቆርቆሮ ሲሸጥ ደራሲው ያሳየናል። ሕዝቡ ተቈጣ። በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለት ሕጎች ፈረሙ። በአንደኛው፥ ተቈጣጣሪው የጣለው ሥጋ እፊቱ ለምግብ እንዳይሆን ተደርጎ እንዲጠፋ ታዘዘ። በሁለተኛው፥ የበሰበሰ ወይም ጎጂ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲላክ መንግሥት በፍርድ ቤት በኩል እንዲይዘውና እንዲወርሰው ተፈቀደ። በ1911ም ቦሪክ አሲድ የገባበት 50 ቆርቆሮ እንቁላል ተይዞ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስ፥ መንግሥት ረታ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሲንክሌር መጽሐፉን የጻፈው ስለ ቆርቆሮው ብቻ አልነበረም። ዋናው ሐሳቡ ዩርጊስ የተባለው የሊትዌኒያ ስደተኛ ነበር፤ በዚያ ሥራ ጉልበቱን ጨርሶ፥ ቤቱንም ሚስቱንም ልጁንም ያጣው ሰው። አንባቢው ግን ለገዛ ሆዱ ፈራ እንጂ ለዩርጊስ አላዘነም። ሕጎቹም የተበላሸውን ሥጋ አስወገዱ እንጂ የሠራተኛውን ደመወዝ አልጨመሩም።

ጥፋቱ ከፊሉ የደራሲው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ዩርጊስን ዝም ብሎ አድማጭ አድርጎ፥ ገጹን በረዣዥም የፖለቲካ ንግግር ሞላው። ሰው ደግሞ የሚያለቅሰው ለሰው እንጂ ለንግግር አይደለም። የሚበልጠው ጥፋት ግን የአንባቢው ነው፤ ከሰው መከራ ውስጥ የራሱን ምሳ ብቻ መርጦ አንብቧልና።

እናንተም መንግሥት የተበላሸ ምግብ ወርሶ አጠፋ ሲባል በሰማችሁ ጊዜ፥ ደግ አደረገ በሉ። ነገር ግን በዚያ አትብቁ። ማን አሸገው? በምን ደመወዝ? ትርፉንስ ማን ወሰደው? ብላችሁ ጠይቁ። ተቈጣጣሪ ቆርቆሮውን ሁሉ ከፍቶ ሊያይ አይችልም፤ የቀረውን የሚጠብቀው የአሻጊውና የባለ ፋብሪካው ሕሊና ነው።