ግማሽ ዙር

ዛፉ ከአፈሩ እስከ ጫፉ 24 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንዱ ከአፈሩ በሚወጣበት ቦታ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። ወይራ ነው፤ ያው የወተት ዕቃና የጠላ እንስራ የሚታጠንበት ወይራ። የቆመበት ሞላላ ሸክላ 16 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ስፋት በጥቂቱ ያንሳል። ዛፍን በሸክላ ውስጥ አሳንሰው የሚያሳድጉ የቦንሳይ አሳዳጊዎች የሸክላው ርዝመት የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ ደግሞ የግንዱን ሥር ስፋት ያህል እንዲሆን ይመክራሉ። እዚህ ሁለቱም ልክ ተጠብቀዋል። ዛፉ ሸክላውን አልተጫነውም፤ ሸክላውም ዛፉን አላሳነሰውም።

ያሳደጉት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ዛፉ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላይ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ወይራውን ከመትከላቸው በፊት ነው የያዛቸው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያዎች የውስጥ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጆች ይመጣል፤ የሚበረታውም የጣቶች ሥርና መካከለኛ አንጓዎች ላይ ነው። ጫፍ ላይ ያሉትን አንጓዎች አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያነሳሁት ዛፉ ላይ ስለምትታይ ነው።

የወይራ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱም ከተተዉ ከየብብታቸው ቀንበጥ ይወጣል፤ ቅርንጫፉም በየአንጓው እኩል እኩል እየተከፈለ ይሄዳል። እኩል ክፍያ ሲደጋገም ዛፉ የተሠራ ነገር ይመስላል። ስለዚህ ከየጥንዱ አንዱ ይነሳል፤ በዚህኛው አንጓ የግራው፣ በሚቀጥለው የቀኙ። ቅርንጫፉ ያኔ ወዲህ ወዲያ እያለ ይረዝማል። እትዬ ይህን የሚሠሩት ቀንበጡ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥፍር ነው። መቀስ አይነሱም። መቀስ የጣቶቹን ሥር ያሠራል፤ መቀንጠስ የሚጠይቀው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። በማጉያ መነጽር ቢታይ በየአንጓው አንድ አንድ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ አንዱ ከአንዱ በተቃራኒ። አንድም የተዘለለ አላገኘሁም። ቅጠሉም ከመቀንጠሱ፣ ከብርሃኑና ከሥሩ መጥበብ የተነሳ አንሷል። ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ የታች ገጹ ወርቅማ ቡኒ።

የበለጠ ጊዜ ወስጄ ያየሁት በስተቀኝ ያለውን የታችኛውን ቅርንጫፍ ነው። እርሳስ ያህል ይወፍራል፤ ከግንዱ ወጥቶ ወዲያው ወደ ታች ያጎነብሳል። የወይራ እንጨት ግትር ነው። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ለማጉበጥ የተለመደው መንገድ ሽቦ መጠምጠም ነው። ሽቦው የቅርንጫፉን ውፍረት ሲሶ ያህል ሆኖ፣ በ45 ዲግሪ ያህል እየዞረ ይያያዛል፤ ከዚያ ቅርንጫፉና ሽቦው አብረው ይታጠፋሉ። ይህ የሁለት ጠንካራ እጆች ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ከተጀመረ በዚያው መቀመጫ ማለቅ አለበት፤ ካልተጠነቀቁም ቅርንጫፉ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል።

እትዬ መወጠሪያ ነው የተጠቀሙት። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቆርጠው ቅርንጫፉ ላይ አለበሱ፤ ሽቦው ልጡን እንዳይበላው። ቀጭን የአሉሚኒየም ሽቦ በጎማው ላይ አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች ሸክላው ሥር ካለው ማሰሪያ ጋር አገናኙ። በሁለቱ የሽቦ ዘርፎች መካከል ምስማር አስገቡ። ምስማሩ ሲዞር ዘርፎቹ ይገመዳሉ፤ ሽቦው ያጥራል፤ ቅርንጫፉ ጥቂት ዝቅ ይላል። በጥቂት ቀናት ልዩነት ግማሽ ዙር። የምስማሩ ርዝመት ኃይሉን ስለሚያበዛው የጣት ጫፍ ግፊት ይበቃዋል። እጃቸው ባበጠ ሳምንት ምስማሩ እንዳለ ይቆያል፤ ሽቦው ግን መያዙን አይተውም። በዚያ መሐል እንጨቱ አዲስ ሽፋን እየጨመረ የደረሰበትን ቦታ ይለምዳል።

ውጤቱ ጉብጠቱ ላይ ይነበባል። ከግንዱ ሥር እስከ ጫፍ አንድ የተሰበረ ማዕዘን የለም። ልጡ ላይ የሽቦ ጠባሳ ፈለግሁ፤ የለም። በአንድ ቀን የተጎበጠ ወፍራም ቅርንጫፍ እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ብዙ አላየሁም።

ቀጫጭኖቹ ላይ ግን ሽቦ ጠምጥመዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም። ጠንካራ አሳዳጊዎች ለግትር እንጨት መዳብ ይመርጣሉ፤ አሉሚኒየም ለጣት ይገራል። አንዱ ሽቦ ሁለት ቅርንጫፎችን ይይዛል፤ መሐሉ ግንዱን ዞሮ ያልፋል፤ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ሽቦው የሚወጣው ተፈትቶ አይደለም፤ በየዙሩ እየተቆረጠ ነው። እሳቸው ይህን የያዙት መፍታት አንጓዎቻቸውን ስለሚያሳምም ነው። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎችም ይህንኑ ይመክራሉ፤ ሽቦ ሲፈታ ቅርንጫፍ ስለሚሰበርና ቡቃያ ስለሚረግፍ።

እንዲህ ያለ መገጣጠም በዚህ ዛፍ ላይ ደጋግሞ ይመጣል። የውኃውን ነገር ብናይ፣ ሙሉ ማጠጫ ለእጃቸው ይከብዳል። ስለዚህ ግማሽ ይሞሉና ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። ጥልቀት ለሌለው ሸክላ ትክክለኛው አጠጣጥ ይኸው ነው፦ የመጀመሪያው ውኃ የደረቀውን ያረጥበዋል፣ ጥቂት ቆይቶ የሚመጣው ሁለተኛው ወደ ሥር ይዘልቃል። አፈሩም እንደዚሁ። የተፈጨ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ፑሚስ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ብቻ ተመርጦ። የሚወስዱት መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የደረቀ አፈር ብናኝ መተንፈስ የለባቸውም። ጓንትና ጭምብል አድርገው፣ ድንጋዩን በሳፋ ውኃ ውስጥ በሽቦ ወንፊት ይነፉታል። ለጤናቸው ብለው ያደረጉት ጥንቃቄ ደቃቁን ሁሉ አጥቦ አስቀርቷል። ሸክላው ላይ የፈሰሰ ውኃ ኩሬ ሳይሠራ ወዲያው ይሰምጣል።

ስለ ቦንሳይ ሲወራ ትዕግሥት ይነሳል። እኔ ከትዕግሥት ይልቅ የሚገርመኝ ሥራው መቋረጥን መቻሉ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም እዩ። ጃፓን በ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት 53 ዛፎች ሰጥታለች። ከእነሱ አንዱ የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ጥድ ነው። መገራት የጀመረው በ1625 እንደሆነ ይነገራል። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር፤ ተርፏል። ያን ዛፍ አንድ ሰው አልሠራውም። አንዱ እጅ ባረፈበት ሌላው ቀጠለ። የእትዬ ወይራ በአንድ ሰው እጅ ላይ ያለ ሆኖ፣ ያ እጅ የሚሠራበትና የማይሠራበት ወቅት አለው። ዛፉ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ባልተነካበት ወር ግንዱ ይወፍራል፣ ጠባሳው ይደፈናል።

መቋረጥ የማይችለው ውኃ ብቻ ነው። ሕመሙ ሲነሳባቸው የጎረቤት ልጅ ታጠጣለች። አፈሩ ውስጥ የተሰካ ቀጭን እንጨት አለ፤ ልጅቷ ትነቅለውና ታየዋለች። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ መልሳ ትሰካዋለች፤ ደረቅ ከሆነ ታጠጣለች። ስትጠራጠርም «እትዬ፣ ይኼ እርጥብ ነው?» ብላ አልጋቸው ድረስ ይዛላቸው ትገባለች።

ግንዱ ላይ፣ ከአፈሩ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዛፉ አንድ ጊዜ በደንብ የተቆረጠበት ቦታ አለ። ከዚያ በታች ወፍራም፣ ከዚያ በላይ በግማሽ የሳሳ ነው። ግንድ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው በእንዲህ ያለ መቁረጥና ከጎን የወጣውን ቀንበጥ በማስቀጠል ነው። ወይራ በመቁረጫ አንድ ንክሻ የሚቆረጥ እንጨት አይደለም። መጀመሪያ ጉቶ ተትቷል፤ ከዚያ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተነከሰ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። የቁስሉ ከንፈር በጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ሲሞላ ከግንዱ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ቆሟል። አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ድንበሩ አልታወቀኝም፤ በዓይን ግን የልጡ ቀለም ጥቂት ይለያል።

አንድ የማይስማማኝ ነገር አለ፤ እሳቸውም አይክዱትም። በስተግራ ያለው ሁለተኛው ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ከቀኙ ጉብጠት ጋር አይናበብም። ለማጉበጥ አሁን ደድሯል። ወይራ ከአሮጌ እንጨት ስለሚያቆጠቁጥ፣ ሥሩ አካባቢ አዲስ ቡቃያ እንዲወጣ ወደኋላ ሊቆርጡት አስበዋል። አዲሱ ቅርንጫፍ የአሁኑን ውፍረት ለመያዝ ዓመታት ይፈልጋል። መቁረጡ በበልግ ዝናብ መግቢያ ይሆናል፤ እጃቸው ያን ሰሞን ደህና ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት በልግ ይተላለፋል።