«ኮሽ ካለ ደርቋል»፦ የበርበሬውን ፈተና ስንፈትነው

የተሰጣ ዛላ በርበሬ መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? በየቤቱ ያለው ፈተና አንድ ነው፦ ጨበጥ አድርጉት፣ ኮሽ ካለ ደርቋል።

ፈተናው ሞኝ አይደለም እኮ። ወጪ የለውም፣ ፈጣን ነው። ችግሩ የሚነግረን ስለ ልጣጩ ብቻ መሆኑ ነው። ልጣጩ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ፍሬውና ጭራው የተጣበቀበት ቦታ ግን ውሃ ይዘው ይቆያሉ። በርበሬው ጆንያ ውስጥ ሲታጨቅ ያ ውሃ ወደ ልጣጩ ይመለሳል። ዛሬ ኮሽ ያለው ከቀናት በኋላ ይለሰልሳል።

ሻጋታ ድምፅ አይሰማም። ለእሱ ወሳኙ በበርበሬው ዙሪያ የታፈነው አየር እርጥበት ነው። ከ70 በመቶ በታች አብዛኞቹ ሻጋታዎች አያድጉም። ከ80 በመቶ ሲያልፍ ግን አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ ማደግ ይችላል፤ የሚያመርተው አፍላቶክሲን ደግሞ የጉበት ካንሰር ያስከትላል። መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ወፍጮ ደግሞ ሻጋታውን ከዓይን ይሰውረዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ኮሽታውን አትናቁት፣ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ጥቂት ዛላ ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ጥላ ቦታ አሳድሩት። በማግስቱ ከ65 በመቶ በታች ካነበባችሁ ቀንጥሱና አስፈጩት። ከበለጠ፣ ወደ ፀሐይ መልሱት።