ሙቀት መውጫ ሲያጣ

ፕሌይስቴሽን 4 በሙቀት ከመጥፋቱ በፊት ለወራት ይጮኻል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሚሰማው ከባድ ጌም ሲከፈት ብቻ ነው። እየቆየ ግን ጌም ሳይከፈት ገና ፋኑ ያጓራል፤ ቤተሰቡም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይለምደዋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ጨዋታው መሃል ላይ፣ ማሽኑ ከልክ በላይ እንደሞቀና መጥፋት እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ወደ ጠጋኝ የሚሮጠው ያኔ ነው። «ተቃጠለ እንዴ ልጄ?» ይላሉ በፌስታል ይዘውት የመጡት እናት። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አልተቃጠለም እናቴ፣ ታፍኖ ነው» የሚል ይሆናል።

ይህ መልስ ለማጽናናት ብቻ የሚባል አይደለም። ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከጎን ገብቶ፣ ፋኑ እየገፋው በሂት ሲንኩ ስስ ብረቶች መሃል አልፎ፣ ሙቀቱን ተሸክሞ በኋላ በኩል ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ሲዘጋ ቺፑ ይግላል፣ ፋኑ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ማሽኑ ራሱን ለማትረፍ ይጠፋል። ስለዚህ የጠጋኙ የመጀመሪያ ሥራ መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ ማወቅ ነው። ይህን ሳያውቅ ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ያልታመመውን ሊያክም ይችላል።

መዘጋቱ ብዙ ጊዜ ከቤት ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል፤ የሲሚንቶና የአፈር ብናኝ በመስኮት ይገባል። ቡና በሚፈላበት ሳሎን የከሰል አመድና የዕጣን ጢስ ይጨመርበታል። ማሽኑ ራሱ የቴሌቪዥን ቡፌው ውስጥ ተሸጉጧል፣ አለዚያም ዳንቴል ለብሷል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ዳርቻ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደት ያነሰ፣ የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ደጉ ነገር የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ስለሆነ የአዲስ አበባ ሳሎን ብዙም አያስፈራውም። የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ያለው አየር ግን የሳሎኑ አየር አይደለም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ይጠበቃል፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ የእሱ ሳጥን ፈጽሞ አይከፈትም። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከኋላ ያሉት ብሎኖች በመሃሉ የተበሳ ባለ ስድስት ጫፍ ካቻቢቴ ይፈልጋሉ። የታችኛው ሽፋን ወልቆ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሽቦው ሳይጎተት በቀስታ ሲነሳ ፋኑና ሂት ሲንኩ ይታያሉ። ችግሩ የሚገለጠው እዚህ ነው። የፋኑ ክንፎች ላይ ያለው አቧራ ለዓይን ቶሎ ስለሚታይ ሁሉም እሱን ይጠርጋል። ዋናው መዘጊያ ግን ከፋኑ ባሻገር፣ አየሩ ወደ ሂት ሲንኩ በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ አቧራው እንደ ባዘቶ ተነጥፎ ስስ ብረቶቹን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። ይህ በትዊዘር ሲያዝ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ተገፍፎ ይመጣል። ከውጭ በቀዳዳው አየር የሚነፋ ሰው ግን ይኸንኑ አቧራ ወደ ውስጥ ገፍቶ ያጠብቀዋል። ውስጡ ተከፍቶ ሲነፋም ፋኑ በጣት መያዝ አለበት፤ በአየር ግፊት ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

አቧራው ተጠርጎም ፋኑ መጮኹን ካላቆመ ተራው የቴርማል ፔስቱ ነው። ቺፑና ሂት ሲንኩ ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ሲገጥሙ በመካከላቸው አየር የሚይዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀራሉ። ጥሩ ፔስት ሙቀት በማስተላለፍ ከአየር ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከዓመታት በኋላ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ ይነሳል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ይመረጣል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ ውሃ ስላለው በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አዲሱ የሚቀባው ቺፑን በስሱ ለመሸፈን በሚበቃ መጠን ነው። ማብዛት አይጠቅምም። ከሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ካልተቀደዱ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ በነሱ ቦታ ፔስት መቀባት ክፍተቱን አይሞላውም።

ጥገናው እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ሆኖም በዓለም ዙሪያ የተስፋፋ አንድ ሌላ «መድኃኒት» አለ፦ ቦርዱን በሙቅ አየር ወይም በምድጃ ማጋል። ታሪኩ ከኤክስቦክስ 360 ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራቶች እያበሩ መሥራት አቆሙ። በሐምሌ 2007 ማይክሮሶፍት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለዚሁ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ተጠቃሚው ደግሞ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ ማሞቅ ጀመረ፤ አንዳንዱም ለጊዜው ተነሳለት። ሰዎች ከቺፑ በታች ያለው ብየዳ ቀልጦ የገጠመ መሰላቸው። ነገር ግን እርሳስ የሌለው ብየዳ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፎጣ እዚያ አያደርስም። ኩባንያው ራሱ በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ እንደተብራራው፣ የተሰነጠቁት በቺፑ አካል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማገናኛዎች ነበሩ፤ የሰነጠቃቸውም ማሽኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መሞቅና መቀዝቀዙ ነው። ስንጥቅ በሙቀት ተለጥጦ ለጥቂት ሳምንታት ሊነካካ ይችላል። ያ ጥገና አይባልም፤ ለዚያ ገንዘብ መቀበልም ደንበኛን ማታለል ነው።

ስለ ፕሌይስቴሽን 5 በአጭሩ፦ ቺፑ ላይ ያለው ተራ ፔስት ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት ነው። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትፈስ ማሽኑን ልትገድለው ትችላለች። የጎን ሽፋኖቹ ግን ያለ ብሎን ይወልቃሉ፣ አቧራ የሚጠራቀምባቸው ቀዳዳዎችም ከሥራቸው አሉ። የቤት ሰው እስከዚያ ድረስ ብቻ ቢሄድ ይበቃዋል።

መከላከሉ ብዙ ወጪ የለውም። ማሽኑ ከቡፌው ይውጣ፣ ዳንቴሉ ይነሳ፣ ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ምንጣፍ ላይም አይቀመጥ። ከጠዋት እስከ ማታ ማሽን የማይጠፋባቸው የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤቶች ጽዳቱን ጩኸት እስኪሰሙ ማቆየት የለባቸውም፤ በር ከመንገድ ዳር ከሆነማ ይብሳል። ቤት ውስጥ ላለው ግን ጆሮ ጥሩ መሣሪያ ነው። ትናንት በጸጥታ ይሠራ የነበረው ጌም ዛሬ ፋኑን ካስጮኸው፣ ጽሑፉ እስኪመጣ ሳይጠበቅ የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል።

ለመክፈት የማይደፍር አንባቢ ወደ ጠጋኝ ሲሄድ አስቀድሞ ምን እንደሚሠራለት ይጠይቅ። ጠጋኙ አቧራ አጸዳለሁ፣ ፔስት እቀይራለሁ ካለ ይስጠው። ቦርዱን አግዬ አነሳዋለሁ ካለ ግን ማሽኑን ይዞ ይመለስ።