የጸሐፊ ጆሮ

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በጎንደር፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ብዙ በማይርቀው ቤታችን፣ የፍየሉን ብራና በወስፌ ወግተውና አስምረው በጉልበታቸው ላይ ከዘረጉ በኋላ፣ አብነቱን በግራቸው አስቀምጠው መቃውን ከጥላሸቱ ቀለም እያጠቀሱ ሲጽፉ እያየሁ አደግሁ። እኔ ግን ከብራናው ወደ ጽሕፈት መኪና፣ ከጽሕፈት መኪናውም ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሬ፣ ሐኪሞች በቃላቸው የሚነግሩኝን ወይም በጥድፊያ የጫሩትን የምርመራ ውጤትና የሕክምና ማስረጃ በንጹሕ ስገለብጥ ዕድሜዬ አለፈ። ሁለቱ ሥራዎች ለሌላ ሰው የተራራቁ ቢመስሉም ለእኔ አንድ ናቸው፤ የሌላውን ሰው ቃል፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ለሚፈልገው ማድረስ ነውና።

ይህን ሥራ የሚሠራው ጣት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ ደጋ ወርዶ፣ ሌሊቱን በመንገድ አድሮ የመጣ ገበሬ «አፈ ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል የሚናገረው ስለ ጨጓራው እንጂ ስለ ልቡ እንዳልሆነ ያገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ ከእኔ ጋራ የተመደበ አዲስ ጸሐፊ፣ «አፈ» የምትለው ቃል ትርፍ መስላው ቢተዋት፣ ወረቀቱ «ልቡን ያቃጥለዋል» ብሎ ወጣ፤ ሰውየውም የጨጓራ መድኃኒት ተቀብሎ ወደ አገሩ መመለስ ሲገባው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከልብ ምርመራ ወረፋ ተቀምጦ ዋለ። እኔ ወረቀቱን አይቼ ስለ ተጠራጠርሁ የሐኪሙን በር አንኳኩቼ ጠየቅሁ፤ ከደቂቃ ባልበለጠ ጊዜም ታረመ። የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲሁ ነው። የደም ስኳር ማነስን የሚያመለክተው ሃይፖግላይሴሚያና መብዛቱን የሚያመለክተው ሃይፐርግላይሴሚያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ካደረ ሐኪም አፍ አንድ ድምፅ ሆነው ሲወጡ፣ የቱን እንዳለ የሚለየው የዚያን ሐኪም አንደበት የለመደ ጆሮ፣ የታመመውንም ሰው ካርድ ያነበበ ዓይን ነው። አባቴ በብራናው ላይ ግድፈት ባገኙ ጊዜ በምላጭ ፍቀው ያርሙት ነበር፤ እኔ ግን የምገለብጠው ወረቀት ከእጄ ከወጣ በኋላ መድኃኒት ሆኖ ወደ ሰው ሰውነት ስለሚገባ፣ መጠራጠርን ከአባቴ አብልጬ መማር ነበረብኝ።

የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ለብዙ ዘመን በዚሁ ሙያ ስትተዳደር ነበር። አባቴ ዋጋቸውን በጥራዝ እንደ ተቀበሉ፣ እርስዋም በመስመር ትቀበል ነበር፤ በዚያ አገር 65 ፊደል አንድ መስመር ተብሎ ይቆጠራል። ኋላ ግን ሐኪሙ ማታ የተናገረው ድምፅ በሽቦ ተሻግሮ፣ ቀኑ ወደ ነጋበት ወደ ሕንድና ወደ ፊሊፒንስ እየሄደ፣ በአነስተኛ ዋጋ ተጽፎ ሲነጋ ይመለስ ጀመር፤ ቀጥሎም ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ መሣሪያ መጣና፣ ለእርስዋ የተረፈላት መሣሪያው የሳተውን ማረም፣ ክፍያውም ከቀድሞው ያነሰ ሆነ። ሥራው በደረሳት በማኒላዋ ልጅ አልፈርድም፤ ለእርስዋም እንጀራዋ ነው። የእኛ ወጣቶችም ነገ እንዲህ ያለ ሥራ ከባሕር ማዶ ቢመጣላቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቃሉ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ነው። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአንድ የካሊፎርኒያ ሆስፒታል የሕሙማን ቃል ከተቋራጭ ወደ ተቋራጭ ሲተላለፍ ፓኪስታን ደርሶ፣ ደመወዟን የተከለከለች ጸሐፊ ካልተከፈለኝ ምስጢሩን በኢንተርኔት እዘረጋዋለሁ ብላ አስፈራርታ ነበር። ሆስፒታሉም የሕሙማኑ ቃል እዚያ ድረስ መሄዱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ቃል በማያውቀው እጅ የማለፉ ጭንቀት የቆየ ምስክር አለው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል ካሳተመ ከ35 ዓመት በኋላ፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ በዚያው ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ባሳተሙ ጊዜ፣ ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፣ ግእዝ አንባቢዎቹ ደግሞ ፊደል መልቀም የማይችሉ መሆናቸውን ገልጠው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለምነዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከአራት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለ እኔ ሙያ የተጻፈ መሰለኝ። ሆኖም አባ ተስፋ ጽዮንና አታሚዎቻቸው በአንድ ከተማ ነበሩና፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ መጽሐፉን ፈጸሙት፤ ዛሬ ሐኪሙ በአንድ ክፍለ ዓለም፣ ጸሐፊው በሌላው ሲሆኑ፣ «አፈ ልቤን» ነው ወይስ «ልቤን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያንኳኳው በር የለውም።

ወደ እኛው ወደ ጎንደር ስመለስ፣ በዚህ የሕክምና ወረቀት የበዛው፣ በደምቢያ ሜዳ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ባለሙያዎቹ ወደ ወረዳው መሰማራት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ከእኔ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች አሁን የሚፈሩት ኮምፒዩተሩን አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የሚፈሩት፣ ቃሉን ሰምቶ የሚጽፍ መሣሪያ ከውጭ ተገዝቶ በገባ ቀን፣ ወንበራቸው ትርፍ ተብሎ እንዳይቆጠር ነው። አባቴም ዳዊት በብራና የሚያጽፍ ሰው እየቀነሰ፣ የታተመው እየበዛ ሲሄድ እንዲህ ሲጨነቁ አይቻለሁ፤ እርሳቸው ግን በመጨረሻ ዘመናቸው ቀዳሾች የሚያመጡላቸውን የታተመ መጽሐፍ ከአብነቱ እያመሳከሩ ግድፈቱን በኅዳጉ ላይ ሲያርሙ፣ ለዚህም ምስጋና እንጂ ዋጋ ሳይቀበሉ ነው ያለፉት።

ስለዚህ በሆስፒታሎቻችን ላይ ለተሾማችሁ ሁሉ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ከማናቸውም ድርጅት ጋራ ውል በምትፈርሙበት ቀን፣ ማናቸውም ወረቀት ወደ ሕመምተኛው ካርድ ከመግባቱ በፊት ያገሩን ልሳን የሚያውቅ ሰው እንዲያነብበው፣ የተጠራጠረውንም የሐኪሙን በር አንኳኩቶ እንዲጠይቅ በውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ለዚህም ሥራ በወረቀታችሁ ላይ ዓይናቸውን ያደከሙትን ጸሐፊዎች መድቡ፣ ደመወዛቸውንም አትቀንሱ።