በስድስት ሣጥን የገባ ሰፈር

«በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኝ ሰፈር፤ ስድስት ፊደል።» የአግድምና የቁልቁል የቃላት ጨዋታ ወዳጅ ዘነበወርቅ ብሎ ለመሙላት ብዙ አይደክምም። ስሙ በላቲን ፊደል ቢጻፍ አሥር ሣጥን ይፈጃል፤ በእኛ ግን አናባቢው በተነባቢው ውስጥ ታቅፎ ስለሚገባ ስድስት ይበቃዋል።

አርተር ዊን ይህን ጨዋታ በ1913 እ.ኤ.አ. «ኒው ዮርክ ዎርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ሲያወጣ የሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። ብዙዎቹ የአማርኛ አዘጋጆች ሣጥኑን ሲዋሱ ይህን ይዘነጋሉ። በላቲኑ አንዱ ተነባቢ ከየትኛውም አናባቢ ጋር ይስማማል፤ የእኛ «ቅ» ግን «ቀ»ን ወይም «ቁ»ን በሚሻ ቃል ውስጥ አይገባም። መገናኛ ሆሄ ሲጠፋ አዘጋጁ ወደ ሩቅ አገር ዋና ከተሞችና ወደ አኅጽሮተ ቃላት ይሸሻል። ያኔ ፈቺው የሚፈተነው በአማርኛ ሳይሆን በጂኦግራፊ ነው።

ሌላው ችግር የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው። «አለም» ከ«አበባ» ጋር በመጀመሪያው ሣጥን ቢገናኝ፣ «ዓለም» ብሎ የሚጽፈው አንባቢ ቃሉን እያወቀ ይሰናከላል። እንግዲህ አዘጋጁ የሚከተለውን የአጻጻፍ ሥርዓት አስቀድሞ ሊያስታውቅ ይገባዋል። አለዚያ ጥያቄው እንቆቅልሽ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል።

ትልቁ ሀብት ግን ፊደላችን በማይጽፈው ድምፅ ውስጥ ተደብቋል፤ ይኸውም መጥበቅና መላላት ነው። «ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓል ነው» ቢባል መልሱ በሁለት ሣጥን ያልቃል፦ ገና። ለዚህ የባዕድ ከተማ አያስፈልግም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እንዲህ ያለው ፍንጭ የቤቱ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተቋቋመውም በዚያው ስፍራ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ስም «በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኝ» በሚል የካርታ ጥያቄ ብቻ ማለፍ ንፉግነት ነው። «ዝናቡ ውሃ ያልሆነ ሰፈር» ቢባል ምን ይጎድላል? ፈቺው ለአፍታ ግራ ይጋባል፤ ከዚያም በየዕለቱ የሚጠራው ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ያስተውላል። የጨዋታው ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ የለመድነውን ቃል እንደ አዲስ ማሰማት።